ሰባት ጊዜ ለወለቀ ጥርስ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
ከመንገዱ ማዶ።

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት የላይኛውም የታችኛውም ጥርስዎ በየቦታው ቆሞ፣ አንዱም ሳይነቃነቅ፣ የበሉት ተስማምቶዎት፣ የተናገሩት ተሰምቶልዎት እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴን የይስሙላ አድርገው እንዳይወስዱብኝ፤ እርስዎ በሚመሩት ክፍል መታከም ምን ማለት እንደሆነ በገዛ አፌ ስላየሁት፣ ያ ዕጣ እንዲደርስበት የምፈልገው አንድም ሰው የለም፤ እርስዎም ጭምር።

ማንነቴን ልግለጽ። ከክፍላችሁ መግቢያ ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል በተሸጎጠች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ከቢሮዎ መስኮት ቁልቁል ቢመለከቱ ያጎነበሰ አናት ይታይዎታል፤ ያ እኔ ነኝ። ባለፉት አሥራ አንድ ወራት ውስጥ ሰባት ጊዜ ያንን መንገድ ተሻግሬ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። ሰባቱንም ጊዜ ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኪሴ ውስጥ ደግሞ በሶፍት የተጠቀለለ አንድ ጥርስ።

ደብዳቤዬን አሽጌ መላክ ሲገባኝ በአደባባይ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬያለሁ። ለመጀመሪያው «ደርሶናል» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ለሁለተኛው «ቀደም ሲል ምላሽ ተሰጥቶበታል» ተባልኩ። ሦስተኛው፣ ጸሐፊዎ በትሕትና እንደነገረችኝ፣ እየተፈለገ ነው። ፍለጋውን እንዳላደናቅፍ ብዬ አራተኛውን ማንም ሰው በቀላሉ የሚያገኘው ቦታ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት የራሴን ጥፋት ላስመዝግብ። ሁለቱም እጆቼ ሥራ ሲይዙ ያልተቀረጸውን ቁልፍ በፊት ጥርሴ ነክሼ የመያዝ መጥፎ ልማድ ነበረኝ። ከዓመት በፊት አንዱን እንዲሁ ነክሼ ሳለ ወንበሬ ተንሸራተተ፣ አገጬ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፣ የላይኛው የፊት ጥርሴ እኩሌታው ከቁልፉ ጋር ወደቀ። ጥፋቱ የእኔና የእኔ ብቻ ነው። ይህን ያስቀደምኩት በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጥፋቱን የሚያምን ቢያንስ አንድ ሰው እንዲኖር ብዬ ነው።

ክፍላችሁም የተረፈውን ጥርስ ሞርዶ፣ ልክ ወስዶ፣ እናንተ ክራውን እኛ ሽፋን የምንለውን አዲስ ጥርስ ከላዩ አለበሰልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። በቁጥር ማቅረቤን እንደ ብልግና እንዳይቆጥሩብኝ፤ ክፍላችሁ ከስም ይልቅ ቁጥር እንደሚቀርበው ስለተረዳሁ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ ያገኙታል።

1ኛ. ሽፋኑ በተተከለልኝ ዕለት ቤት ስገባ እናቴ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። ቀና አደረገችኝ፣ ዞር አደረገችኝ፣ አፌ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና «ይሄ ጥርስ የኛ ቤት ጥርስ አይደለም» አለች። የእኛ ቤት የፊት ጥርስ አንደኛው ጥጉ ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ ነው፤ የእሷም፣ የታላቅ እህቴም፣ የእኔም። አዲሱ ግን ቀጥ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ትከሻውን የነፋ ጥርስ ነበር። እኔም እንደ ተማረ ሰው ፈገግ ብዬ፣ ሐኪሞቹ የሚያደርጉትን ያውቃሉ አልኳት። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አላስታውስም።

በሦስተኛው ቀን ለአንድ ደንበኛ ደህና ዋሉ ስል ሽፋኑ ወለቀና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከቁልፎቹ መካከል ተኛ። ደንበኛው አነሳና፣ ቁልፍ መስሎት፣ ሰጠኝ።

የክፍላችሁ ወጣት ሐኪም ሽፋኑ «ገና አልለመደም» ብሎ መልሶ አጣበቀልኝ፤ ለሁለት ቀን ብዙ እንዳላወራ መከረኝ። ግዑዝ ነገር መልመድ እንደሚያስፈልገው፣ ሰው ደግሞ ግዑዙ ነገር እስኪለምድ ዝም ማለት እንዳለበት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ለሁለተኛው መውለቅ ምክንያቱ ትኩስ ነገር መጠጣቴ ነበር። ለሦስተኛው በእንቅልፌ ጥርስ ማፋጨቴ። ለአራተኛው ምላሴ። ካርዴ ላይ «የታካሚው ምላስ ዕረፍት የለውም፤ ሽፋኑን ይገፋል» ተብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ለአምስተኛው አፌ «ጠባዩ ተለውጧል» ተባለ። ለስድስተኛው ደግሞ በጎን ጥርሴ ብቻ ማኘኬ። አንድም ጊዜ ምክንያቱ ከእኔ ውጪ ሆኖ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሙሉ እምነት በአንድ ሰው ላይ ሲጣል ያስፈራል፤ ግን አመሰግናለሁ።

ስለ ምላሴ የተጻፈው እውነት መሆኑን አልክድም። ምላሴ ዘበኛ ሆኗል። ስሠራ፣ ስበላ፣ ከሰው ጋር ቆሜ ስለ አየሩ ስናወራ፣ እሱ በሩ ላይ ነው፤ ይነካል፣ ይገፋል፣ አለ ይላል፣ መልሶ ይነካል። አለ። አለ። ትንሽ ዘመመ። አለ። ዳቦ ስቆርስ በጎን ጥርሴ ነው። ሳስነጥስ አፌን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ሽፋኑ ወደ ጉሮሮዬ ወርዶ ያንቀኛል ብዬ ስለምሰጋ ስበላ ጠጠር ያለውን ቁራሽ ሁሉ በምላሴ እፈትሻለሁ። አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ሲያስብ ይዋል ተብሎ ቢፈረድበት ከዚህ የባሰ ነገር የሚመረጥለት አይመስለኝም።

3ኛ. ስለ መሞረድ።

ይህኛው ሙያዬን ስለሚነካ እንደ ሙያ ባልደረባ ልናገር ይፈቀድልኝ። ሽፋኑ በወለቀ ቁጥር ሽፋኑ አይነካም። ታጥቦ፣ ተደርቆ፣ በክብር ጥጥ ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ያለው የእኔው ጥርስ ግን፣ ማጣበቂያው እንዲይዘው ሻካራ ይሁን እየተባለ፣ በየጊዜው ይሞረዳል። በተሞረደ ቁጥር ይቀጥናል። በቀጠነ ቁጥር ሽፋኑ ይሰፋዋል። ሽፋኑ በሰፋው ቁጥር ይወልቃል። በወለቀ ቁጥር ይሞረዳል።

እኔ በዚህች ሱቅ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ ቀርጫለሁ። ቀርጬ የሰጠሁት ቁልፍ አልገጥም ብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ያኔ ይቅርታ ጠይቄ ቁልፉን ተቀብዬ እሞርዳለሁ፤ ካልሆነም ጥዬው ሌላ እቀርጻለሁ። ሞረዴን ይዤ ወደ ሰውየው ቤት ሄጄ በሩን ሞርጄ አላውቅም። ምናልባት ይህ የትምህርቴ ማነስ ይሆናል።

4ኛ. እናቴ።

እዚህ ላይ ረዘም ማለቴ ስለማይቀር ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ እኔ በእናንተ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሳየሁትን ያህል አይሆንም።

እናቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጆሮዋን እዚያው ትታ የወጣች ሴት ናት። የሽመና ማሽኖቹ በሚያጓሩበት አዳራሽ ውስጥ ማንም ማንንም በጆሮው አይሰማም ነበር። ሴቶቹ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ አፍ ለአፍ እየተያዩ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ሲያወሩ፣ ሲተማሙ፣ ሲሰዳደቡና ሲታረቁ ይውሉ ነበር። ስለዚህ ጆሮዋ ፈጽሞ ሲዘጋ እምብዛም አልደነገጠችም። የሰው ከንፈር፣ የሰው ጥርስ፣ የሰው ምላስ የት እንደደረሰ አይታ ትሰማለች። ከመንገድ ማዶ የሚያልፉ ሰዎችን ጠብ ተከታትላ መጨረሻውን የነገረችኝ ጊዜ አለ።

ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ጎረቤት የሚለው፣ ሬዲዮ የሚለው፣ በሩ መንኳኳቱ፣ የዝናቡ ድምፅ ሳይቀር በእኔ አፍ ነው የሚደርሳት። ዘነበ እላታለሁ፤ አይታው እያለ እንኳ፣ እንዴት እንደሚዘንብ ትጠይቀኛለች።

ሽፋኑ መነቃነቅ ሲጀምር የላይኛውን ከንፈሬን ወደ ታች ስቤ ማውራት ለመድኩ፤ ትኩስ ነገር ጎርሶ እንደሚያወራ ሰው። ቀጥሎ እጄ መጣ። እጄን አፌ ላይ ማድረጌን እኔ አላወቅኩትም ነበር። እሷ ግን በመጀመሪያው ወር «እጅህን አውርድ» አለችኝ። በሦስተኛው ወር «ምንድነው የምትደብቀኝ?» አለች። በስድስተኛው ወር መጠየቅ ተወች። ወንበሯን አዙራ ወደ መስኮቱ እያየች ትበላ ጀመር።

ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ጥርሱ ነው፣ ይወልቃል፣ እየያዝኩት ነው፣ ሌላ ነገር የለም ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችና አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ወረቀት የሚጻፈው ለባለሥልጣን ነው» አለች። «እኔ እናትህ ነኝ።»

ይህን ወረቀት ለማን መጻፍ እንዳለብኝ ያስተማረችኝ፣ እንግዲህ፣ እሷ ናት።

በአሥራ አንደኛው ወር ጎረቤታችንን ጠርታ ለታላቅ እህቴ አስደወለች። ያስነገረችውን እህቴ ቃል በቃል ነግራኛለች። «ልጁ ከኔ ጋር ማውራት ሰልችቶታል። ጥርሴ ነው ይላል፤ ለጥርስ ብሎ ዓመት ሙሉ አፉን የሚሸፍን ሰው የለም። ሳልከብደው አንቺ ዘንድ ልምጣ።» በማግሥቱ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። ልብሷን አጣጥፋ፣ መነጽሯን በካልሲ ጠቅልላ፣ ለእሑድ የአውቶቡስ ቲኬት አስቆረጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስትከት አያለሁ። ምላሴ ጥርሱን ይነካል። አለ።

የጥርስ ሽፋን ወለቀ ብሎ ይህን ሁሉ መጻፍ ለእርስዎ እንደማጋነን ሊታይዎት ይችላል። ለእናንተ የወለቀው ሽፋን ነው።

5ኛ. ባለፈው ዓርብ፣ ለሰባተኛ ጊዜ።

እናቴ አብሬህ እሄዳለሁ አለች። «ከመሄዴ በፊት የልጄን አፍ የዘጋውን ሰው ልየው» ብላ የክት ጫማዋን አደረገች። ተራ ቁጥራችንን ይዘን እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ቀለም በተቀባው የመጠበቂያ ክፍላችሁ ውስጥ፣ ፊት የሌለው አንድ ትልቅ አፍ ከሚስቅበት ሥዕል ሥር ተቀመጥን። ከፊት ለፊታችን አንድ ጠና ያለ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ መንጋጋውን በመዳፉ ደግፎ፣ አጠገቡ ላለው ሰው ስለ አንድ የማይከፈት የአውቶቡስ በር ያወራል። እናቴ እንደ ልማዷ አፉን ታያለች። ሰው አፉ ሲታይበት ስለሚጨንቀው በክርኔ ነካ አደረግኋት። አልተመለሰችም። ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ከዚያም የሽመና አዳራሹን ማሽኖች ሁሉ አሸንፎ ያልፍ በነበረው በዚያ ድምፅዋ፣ የመርፌ ክፍሉ በር ሳይቀር እስኪከፈት ድረስ፣

«ያውልህ ጥርስህ!» አለች። «እዚያ ሰውዬ አፍ ውስጥ ተቀምጧል!»

መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ወደ ሰውየው ሄደችና ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው «እስቲ አንተ ልጅ፣ ሳቅ በል» አለችው። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነው። «እናቴ፣ ስስቅ ያመኛል» አለ። «ጥርሱን ካስገቡልኝ ጀምሮ ስቄ አላውቅም። መንገደኛው ሁሉ ኮስታራው እያለ ይጠራኛል።» ብሎ ግን አፉን ከፈተላት።

ጥጉ ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ ነበር። የእኛ ቤት ጥርስ። በማላውቀው ሰው አፍ ውስጥ የእናቴን፣ የእህቴን ጥርስ አየሁ። ሹፌሩም ነገሩ ሲገባው «እንግዲያውስ ይውሰዱልኝ» አላት፤ «አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያለ ኪራይ አኑሬዋለሁ።» አግዳሚው ወንበር ላይ ያለው ሁሉ፣ ጉንጩ ያበጠው ሳይቀር፣ መንጋጋውን ይዞ ሳቀ።

ካርዳችንን አወጣን። እሱ ልኩ የተወሰደው ማክሰኞ ነው። የእኔ በዚያው ሳምንት ሐሙስ። የማክሰኞ ተራ ቁጥሩ አሥራ አራት ነበር። የሐሙስ ተራ ቁጥሬም አሥራ አራት ነበር።

ሲስተሯ ከጩኸቱ የተነሣ ወጥታ ስትጠየቅ፣ ምንም ሳትደብቅ፣ ከአፋችን የተወሰደው ልክ በጀሶ ከተሠራ በኋላ ላዩ ላይ በእርሳስ የሚጻፈው የዕለቱ ተራ ቁጥር መሆኑን አስረዳች። ለምን ስም አይጻፍም ተባለች። ስም ረጅም ነው፣ ጀሶው ላይ አይበቃም አለች። የካርድ ቁጥርስ? እሱም ረጅም ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት አሥራ አራት ቁጥሮች እንዳሉ፣ አምስቱም ጥርስ ሠሪው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን እንደሚደርቁ፣ ይህም ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራበት የኖረ አሠራር መሆኑን ነገረችን።

ያለ ችግር።

ስለ ጥርስ ሠሪው አንድ ቃል፦ እጁ ብልህ ነው። ያችን ያዘነበለች ጥግ ከጎረቤቷ ጥርስ አይቶ እንዴት አድርጎ እንደቀዳት ሳይ በሙያ ቀናሁበት። እሱ ትክክለኛውን ቁልፍ ቀርጾ ነበር። እናንተ የሌላ ሰው በር ላይ ሰካችሁት።

ቀጥሎ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። ወጣቱ ሐኪም ሁለታችንንም በተራ ወንበሩ ላይ አስቀመጠን። ከሹፌሩ አፍ የእኔን ጥርስ በብዙ ትግል አወጣ፤ ለካ ጠባብ ስለሆነበት የሱም ጥርስ እየተሞረደ ኖሯል የገባለት። አጠበው። ወደ እኔ አመጣው። እናቴ ከወንበሩ ጎን ቆማ እጄን ይዛለች። ገባ። አንድ ሰከንድ ያህል በቦታው ነበረ። ምላሴ ነካው፤ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የገዛ ቤቱን በር ነካ። ከዚያም ተንሸራትቶ ወረደ።

ጥርሴ ለተሳሳተው ሽፋን ሲባል ስድስት ጊዜ ተሞርዶ ለትክክለኛው ቀጥኗል።

ወጣቱ ሐኪም ግንባሩን አልቦት ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ» አለኝ። በክፍላችሁ ውስጥ ያንን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሌላ ሰው የተናገረው መስሎኝ ዘወር አልኩ። እባክዎን እንዳይቀጡት፤ ሳያስበው አምልጦት ነው።

6ኛ. የእርስዎ መምጣት።

ያን ጊዜ እርስዎ ከቢሮዎ ወጡ። መጥተው በዓይንዎ ማየትዎን እንደ ትልቅ ክብር እቆጥረዋለሁ፤ ምንም እንኳ ያዩት በእጅዎ የያዙትን ወረቀት ብቻ ቢሆንም። ዓይንዎን ከዚያው ከወረቀቱ ላይ ሳያነሡ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ስህተት በክፍሉ አሠራር ሊፈጠር ስለማይችል አልተፈጠረም። ሁለተኛ፣ ሁለታችንም ጥርሳችንን በፊርማችን ተረክበናል።

እናቴ ፊትዎን በትኩረት ትከታተል ነበር። የሕክምና ጭምብል አድርገው ነበርና ምንም አላገኘችም። ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች እየመሰላት፣ «ይሄ ሰውዬ አፍ የለውም እንዴ?» አለች። መስማት እንደማትችልና የሰው አፍ እያየች እንደምትሰማ ሲስተሯ አስረዳችዎት። እርስዎም ጭምብሉን ሳያወርዱ ያንኑ ነገር ጮክ ብለው ደገሙት። እንዲያወርዱት ለመንኩዎት። ደንብ ነው አሉኝ። የመጡት ከሕክምና ወንበር ሳይሆን ከቢሮ እንደነበር፣ በጭምብሉም ላይ የብስኩት ፍርፋሪ እንደነበረ ያየሁት ከርቀት ስለሆነ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል።

በዓይኔ ፊት አንድ ነገር ተከሠተልኝ። እኔ ዓመት ሙሉ አፌን ስደብቅ እናቴ ያየችው ይህንን ነበር። እርስዎን የመሰለ ሰው ነበር ከእሷ ጋር እራት የሚበላው።

ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ምስጋናዎቼ ሁሉ እውነተኛው ይሄኛው ነው።

ከዚያ ካርዴን ተቀብለው «ታካሚው ሽፋኑን ደጋግሞ በማስወለቁ ምክንያት የቀረው ጥርስ ስለቀጠነ ይነቀል» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙም። ለሹፌሩም ያንኑ ጻፉለት። ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይተናል፤ በአንድም ቃል አይለያዩም። ምናልባት የሁለታችንም ተራ ቁጥር አሁንም አንድ ሳይሆን አይቀርም።

7ኛ. ሰባተኛው ቁጥር ስለ ሰባተኛው መውለቅ ነው። ስለ ሰባተኛው መውለቅ ቅሬታ የለኝም።

ምክንያቱን ነግሬዎት ላብቃ። ሐኪሙ ለጊዜው ያንኑ የሹፌሩን ሽፋን ላጣብቅልህ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ሽፋኑን በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፣ እናቴን ይዤ ወጣሁ። የክፍላችሁ ደረጃ አሥራ ሁለት እርከን አለው። መካከሉ ላይ ስንደርስ ክንዷን ይዤ አስቆምኳት፣ ከእሷ አንድ እርከን ወርጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱን እጆቼን ወደ ኋላ አደረግሁ። ከንፈሬን አልሳብኩም። ከፊት ለፊት ሙሉ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው መሐል እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ጉቶ፤ አስቀያሚ ነው፣ መስታወት አይቻለሁ። እንደዚያው፣ አፌን ከፍቼ፣ በዚያ በፋብሪካው ዓይነት ንግግር፣ ትንፋሽ እንኳ ሳላወጣ፣ «አትሂጂ» አልኳት።

አፌን አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። ሌላም ተናገርኩ፤ እዚህ የማልጽፈው፣ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነገር፤ የዘነበውን ዝናብ ሁሉ፣ ጎረቤት ያለውን ሁሉ፣ እንዳልሰለቸኝ። አንድም ድምፅ አልነበረውም። አጠገባችን የሚያልፉት ሰዎች አንድ ጥርሱ የጎደለ ጎልማሳ ለእናቱ አፉን ሲያላውስ ነው ያዩት።

«ምን ያስጮህሃል?» አለችኝ። «ሰማሁ እኮ።»

ቅዳሜ ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ። መነጽሯ ከካልሲው ወጣ። እሑድ አውቶቡሱ ያለ እሷ ሄደ። ጥርሱን እስካሁን አላስነቀልኩትም፤ ጉቶውን ለማዳን የሚሞክር ሌላ ሐኪም በሌላ ሰፈር አግኝቻለሁ፤ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስምህ ማን ነው?» የሚል ስለነበር ትንሽ ደንግጬ መልሼለታለሁ። ላይድን ይችላል ብሎኛል። ምላሴ አሁንም ይሄዳል፣ ይነካል። የለም ይላል። የለም ማለት፣ አለ ብሎ ከመጠራጠር፣ እንዴት እንደሚያሳርፍ ልነግርዎት አልችልም።

ከመንገዱ ማዶ በየቀኑ ስለምንተያይ፣ ወይም እኔ ስለማይዎት፣ ስንብቴን አላረዝምም። ለሰባት ቀጠሮዎች፣ ለሰባት ምክንያቶች፣ ለአንድ ፊርማና ለማይወርደው ጭምብልዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ ከእኔ ጥርስ ይልቅ ጸንቶ እንዲቆይልዎት፣ ከላይዎ ያሉትም እርስዎን ሲመዝኑ ልክዎን ከሌላ ሰው ጋር እንዳያሳስቱብዎት በመመኘት፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር፣ ክፍት አፌን ሳልሸፍን፣

የማክሰኞው ሳይሆን የሐሙሱ ቁጥር አሥራ አራት፣
ቁልፍ ቀራጩ።

ማስታወሻ፦ የሹፌሩን ሽፋን ለእናንተ ብመልስ የማን አፍ ውስጥ እንደሚገኝ ስለማይታወቅ ለራሱ ለባለቤቱ ሰጥቼዋለሁ። እኔ ዘንድ ለቀረጻ የሚመጣ ቁልፍ ሁሉ ክር በገባለት ካርቶን ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎበት ይንጠለጠላል፤ የሱንም እንደዚያው አድርጌዋለሁ። ስሙ ረጅም ነው፤ ግን በቅቷል።

ሌላ ማስታወሻ፦ ተላላኪዎ ከሁለት ሳምንት በፊት የቢሮዎን ቁልፍ አምጥቶ ሁለተኛ እንዲቀረጽለት ጠይቆ ነበር። ተቀርጿል። ስምዎ ተጽፎበት ሱቄ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቅዎታል። ምናልባት አልገጥም ቢልዎት ቁልፉን ይዘው መንገዱን ይሻገሩ፤ በሩን እንዳያስሞርዱት።